ጋሽ ደምሴ ያደረቁት የዘንባባ ዘር

እኛ ሰዎች የወደድነውን ነገር እናደርቃለን። ሥጋ ሲተርፈን ቋንጣ፣ እንጀራ ሲተርፈን ድርቆሽ። በርበሬው በሸራ ላይ፣ ጌሾው በጣራ ላይ፣ ሽንብራው በሰፌድ ላይ ይሰጣል። ዘመድ ከገጠር ሲመጣ ይዞልን የሚመጣው የደረቀ ነገር ነው፤ ዘመድ በቦሌ በኩል ወደ ውጭ ሲወጣም ሻንጣው ውስጥ የምንጠቀጥቅለት ያው የደረቀ ነገር ነው። ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው እንኳ በረንዳው ላይ የሚያሰጣው አያጣም። ትኩስ ነገር እንወዳለን፤ አናምነውም እንጂ።

ለዚህ ጠባያችን በቂ ምክንያት አለን። የደጋ ገበሬ ጠላቶች ነቀዝና ሻጋታ ናቸው፤ ሁለቱም እርጥበት ይወዳሉ። ስለዚህ አባቶቻችን የመረጡትን ዘር በፀሐይ አስጥተው፣ ከምድጃ በላይ ጢስ በሚደርስበት አንጠልጥለው፣ በቅል ከተው ክረምትን ተሻገሩ። ሠራላቸው። ከሠራ ነገር ጋር ጠብ የለኝም። ችግሩ አንድ ቦታ የሠራ ነገር ሁሉም ቦታ የሚሠራ ሲመስለን ነው። ይህን የምለው እንደ ታዛቢ እንዳይመስላችሁ። እንደ ተከሳሽ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት የስንዴ፣ የገብስና የጤፍ ዘር መርማሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራው እንዲህ ነው፦ መቶ ፍሬ ትቆጥራላችሁ፣ እርጥብ ወረቀት ላይ ትደረድራላችሁ፣ ከሳምንት በኋላ ስንቱ እንደበቀለ አይታችሁ ትጽፋላችሁ። አንድ ጎረቤቴ ይህን ስነግረው ጥቂት አሰበና፣ «ታዲያ ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባኸው?» አለኝ። ለዚህ ነው። ያም ሆኖ ከመገናኛ ወደ ገርጂ ሲኬድ ገባ ብላ ባለችው ሰፈራችን፣ በዘር ነገር የመጨረሻው ፍርድ የኔ ነው። ቲማቲሙ አልበቅል ያለው፣ ሣሩ ቢጫ የሆነበት፣ ጽጌረዳው የኮረፈው ሁሉ በሬን ያንኳኳል። እኔ ደግሞ አላውቅም ብዬ አላውቅም። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጋሽ ደምሴ ዘንባባ ነበራቸው። ዘንባባ ስላችሁ ለሆሳዕና ቀለበት ሠርተን ጣታችን ላይ የምናጠልቀውን እንዳታስቡ፤ ያ ሌላ ነው። የቦሌ መንገድ ላይ ያሉትንም አይደለም፤ እነዚያ ትናንት ሳይኖሩ ዛሬ ሙሉ ሰው ሆነው ቆመው የምናገኛቸው፣ ከሻንጣ ጋር ከአውሮፕላን የወረዱ የሚመስሉ ናቸው። የጋሽ ደምሴው ግንዱ ቀጭንና ልስልስ ያለ፣ ከቅጠሉ ሥር ቀያይ ፍሬዎች እንደ ጨሌ የሚያንጠለጥል ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ እታገኝ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ በወተት ጣሳ አምጥተው በር ላይ ተከሉት። ከአራት ዓመት በፊት ሲያርፉ ዘንባባው ከኤሌክትሪክ ሽቦው በላይ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ደምሴ በየጠዋቱ በሩን ሲከፍቱ ቀና ብለው ያዩታል። ያናግሩታል አላልኩም። ያዩታል ነው ያልኩት።

ዘንድሮ ደብዳቤ መጣ። መንገዱ ሊሰፋ ነው፤ አጥሩ አራት ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ዘንባባው ደግሞ በሁለተኛው ሜትር ላይ ነው። ጋሽ ደምሴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመዝገብ ቤት ኃላፊ የነበሩ ሰው ናቸውና ደብዳቤ ያከብራሉ፤ አልተከራከሩም። ነቅለው ሌላ ቦታ እንዲተክሉላቸው ብቻ ጠየቁ። ማሽን ያለው ሰው መጥቶ ሽቦውን አየ፣ ግንዱን አየ፣ እንደገና ሽቦውን አየና፣ «አባባ፣ ይሄ አይነሳም» አላቸው።

እኔም ለማጽናናት፣ «ሌላ ዘንባባ ችግኝ ጣቢያ ሞልቷል፤ ቅዳሜ ሄደን እናመጣለን» አልኩ።

«ሌላ ዘንባባ መቼ አጣሁ፣» አሉኝ። «ቦሌ ብሄድ ሞልቶ የለም እንዴ።»

ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል። ሰውዬው የፈለጉት ዘንባባ ሳይሆን የእታገኝን ዘንባባ ነው። ያ ደግሞ የሚገኘው ከዚያው ዛፍ ፍሬ ብቻ ነው። ደግነቱ ፍሬው ደርሶ ቀልቷል።

አንድ ቅዳሜ ቆራጮቹ መጡ። መጀመሪያ ዘለላውን ከላይ ቆርጠው ሲለቁት፣ ግማሹ ግቢ ውስጥ ዘነበ፣ ግማሹ መንገዱን ተሻግሮ የዘሃራ ጫት ቤት ሸራ ላይ ወረደ። ጋሽ ደምሴ ከራሳቸው በኩል ያለውን አንድ ሳያስቀሩ ለቀሙ። ማዶ ያለውን ግን ቀና ብለውም አላዩት።

ዘሃራ የከሚሴ ሰው ናት። ከጋሽ ደምሴ በር ፊት ለፊት ጫት መሸጥ ከጀመረች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ጋሽ ደምሴ ጫት ቤቱ ከመኖሪያ ሰፈር እንዲነሳ፣ በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ፣ ግልባጭ ለአራት ቦታ ያለው ማመልከቻ አስገቡ። መልስ አልመጣም። ወሬው ግን ዘሃራ ዘንድ በማግሥቱ ደረሰ። እሷ እንደ ድሮዋ «እንደምን አደሩ ጋሼ» ማለቷን አልተወችም። እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ባርኔጣቸውን ከፍ ያደርጋሉ። እንዲህ ሆኖ ዘሃራ ከባርኔጣ ጋር ብቻ ሰላም እየተባባለች ሦስት ዓመት አለፈ።

ከቆረጣው በኋላ በነበረው ሳምንት በግቢያቸው በኩል ሳልፍ ጋሽ ደምሴ ፍሬዎቹን ልጠውና አጥበው በሁለት ሰፌድ አስጥተዋል። ሥራቸው አንጀት ያርሳል፤ ፍሬዎቹ ተሰልፈው ነው የተሰጡት።

«እንዴት ነው ብሩክ? ልክ ነኝ?»

እኔ ደግሞ ታክሲ እንዳያመልጠኝ እየቸኮልኩ፣ «በጣም ጥሩ፤ እስኪንኳኩ ያድርቋቸው» አልኩ።

እስኪንኳኩ። ይህቺ ቃል የኔ ናት፤ ለማንም አላካፍላትም። ስንዴ ሲሆን ትክክል ናት። ለሃያ ሁለት ዓመት ትክክል ነበረች።

ጋሽ ደምሴ እስኪንኳኩ አደረቋቸው። ከዚያ ሃያ ሃያውን በቡኒ ፖስታ ከተው፣ በየፖስታው ላይ ቀኑንና ቁጥሩን ጽፈው፣ የብረት ካቢኔ ውስጥ ቆለፉባቸው። ሰባት ፖስታ ሞላ። አዲሱ አጥር እስኪያልቅ ሁለት ወር ጠበቁና አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ሰባቱንም ይዘው እኔ ቤት መጡ።

«እንትከል፣» አሉ።

«መጀመሪያ እንመርምር፣» አልኩ። የሙያ ነገር።

ጎድጓዳ ሳህን ውኃ ሞልቼ የአንዱን ፖስታ ፍሬ ጨመርኩበት። ግማሹ ተንሳፈፈ፣ ግማሹ ሰመጠ። ጋሽ ደምሴ በሰመጡት ላይ አጎንብሰው፣ «እነዚህ ሕይወት አላቸው ማለት ነው?» አሉኝ።

«ክብደት አላቸው ማለት ነው።»

ቢላ አመጣሁና ከሰመጡት አንዱን ለሁለት ከፈልኩት። የዚህ ዘንባባ ፍሬ ውስጡ ያምራል፤ ነጭና ቡኒ የተዘበራረቀበት እብነ በረድ ይመስላል። በአንድ ጫፉ የመርፌ ራስ የምታክል ፅንስ አለች፤ ዛፍ የሚሆነው ያች ናት፤ የተቀረው ስንቋ ነው። ሕይወት ካላት ነጭና ድፍን ትሆናለች። ይህቺ ጠቁራ፣ ተኮማትራ፣ ከቤቷ ለቃለች። ሁለተኛውን ከፈልኩ። አምስተኛውን ከፈልኩ። አሥር ላይ ስደርስ ቢላውን አስቀመጥኩ።

የዛፍ ዘር ሙያው የሆነ የዩኒቨርሲቲ ባልንጀራ አለኝ። ደወልኩለት። ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ ሳቀ፤ ረጅም ሳቅ ነው የሳቀው።

«ስማ፣» አለኝ፣ «ሲደርቅ የሚተኛ ዘር አለ፣ መተኛት የማያውቅ ዘር አለ። ስንዴህ ይተኛል። ተምርም ይተኛል፤ ዓመታት ቢቆይ ውኃ ሲያገኝ ይነቃል። ቡና ትንሽ ያንቀላፋል። ማንጎና አቮካዶ ግን ጨርሶ አይተኙም፤ ካደረቅሃቸው ይሞታሉ። ያንተ ዘንባባ ከእነማንጎ ወገን ነው። ሥጋውን አጥቦ በእርጥብ ነገር መጠቅለል፣ ፀሐይ እንዳያየው፣ ፍሪጅ ውስጥም እንዳይገባ። እንዲያ ከሆነ ጥቂት ወራት ይታገስሃል። አባቶችህ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ያሉትን ረሳህ?»

አባቶቼ ይህን ያሉት ስለ ዘንባባ አይመስለኝም። ግን አልተከራከርኩም።

ለጋሽ ደምሴ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። እስክጨርስ አዳመጡ። ከዚያ የተከፈሉትን ፍሬዎች አንድ በአንድ ወደ ፖስታቸው መልሰው፣ ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው «ተመርምሯል» ብለው ጻፉበት።

«እስኪንኳኩ ያለው ማን ነበር?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«አዎ። ለማረጋገጥ ያህል ነው።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የቀሪዎቹን ስድስት ፖስታዎች ፍሬም እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀበርኩ፤ ከዚያ የበቀለ ነገር ቢኖር ሻጋታ ብቻ ነው። ዛፉ የለም፣ ግንዱም በመኪና ተጭኖ ሄዷል። በምክሩ የሰውን ተስፋ የገደለ ሌላ ሰው ምን እንደሚሰማው አላውቅም፤ እኔ ግን ያን ሳምንት በሌላ መንገድ እየዞርኩ ነበር ወደ ቤቴ የምገባው።

የዞርኩበት መንገድ በዘሃራ ጫት ቤት ጓሮ በኩል ያሳልፋል። አንድ ጠዋት ሳልፍ ጫቷን ታዘጋጃለች። አይታችሁ ከሆነ፣ ጫት ሻጭ ማለት እርጥበት ጠባቂ ማለት ነው። ቅጠሉ ከጠወለገ ገበያው አለቀ። ስለዚህ በኮባ ይጠቀለላል፣ እርጥብ ጆንያ ይለብሳል፣ በየሰዓቱ ውኃ ይረጭበታል፤ በጣም ከራሰ ይበሰብሳልና መጠኑ በጣት ይታወቃል። ቆሜ አየኋት። እጇን ውኃ ውስጥ እየነከረች ኮባው ላይ ታርከፈክፋለች። የባልንጀራዬ ንግግር ቃል በቃል ከፊቴ እየተሠራ ነው።

«ዘሃራ፣ ያኔ ሸራሽ ላይ የወረደውን የዘንባባ ፍሬ ምን አደረግሽው?»

«ምን አደርገዋለሁ? መንገድ ላይ የወደቀውን መኪና ጨፈለቀው፤ ሸራዬ ላይ የቀረውን አስቀምጬዋለሁ። የሰው ንብረት አይደል?»

ከመደርደሪያው ሥር አንድ ጥቅል አወጣች። ጆንያ፣ ከጆንያው ውስጥ ኮባ፣ ከኮባው ውስጥ አሥራ አንድ ፍሬ። ታጥበዋል። እርጥብ ናቸው።

«እንዳይጠወልግ ብዬ ለጫቱ ስረጭ ለሱም እረጭለታለሁ፣» አለችኝ።

«ሁለት ወር ሙሉ? ታዲያ ለምን አልሰጠሻቸውም?»

«እስኪጠይቁኝ ነዋ። ወላሂ ቢጠይቁኝ በዚያው ቀን ነበር የምሰጣቸው። ሳልጠየቅ ብሄድ ግን ባርኔጣ ያነሱብኛል።»

ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው። ኮታቸውን ለበሱ። መንገዱ ከሰፋ ወዲህ ወደ ማዶ መሻገር ቀላል አይደለም፤ «ገርጂ፣ ገርጂ» እያሉ የሚበሩትን ሚኒባሶች አሳልፈን መሐል ላይ ቆመን፣ የቀሩትን አሳልፈን ደረስን። ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንደምን አደርሽ ዘሃራ።»

«ደህና፣ እግዚሔር ይመስገን፣» አለች፤ በሳቸው ሃይማኖት መመለሷ ነው። «ምነው ጋሼ፣ ዛሬስ ባርኔጣው አሞታል እንዴ?»

«የእታገኝን ዘር ጠብቀሽልኛል አሉኝ።»

ዘሃራ መሳቋን ተወች። ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ አድርጋ ከፈተችው። እኔም አሥራ አንዱን ቆጠርኩና ቢላዬን አወጣሁ። ሁለቱን ብንከፍል የዘጠኙን ዕድል እናውቃለን፤ ደንቡ እንዲያ ነው። ጋሽ ደምሴ መዳፋቸውን ፍሬዎቹ ላይ ጫኑ።

«እታገኝን ሐኪሞቹ ከፍተው አዩአትና መልሰው ሰፏት። ያዩትን ነገሩኝ። ማወቄ ምን ረባት? ይኼን አትክፈትብኝ።»

መንገዱ ላይ መኪናው ይጮሃል።

«አንተ ሰውዬ፣ ቢላህን አስገባ፣» አለችኝ ዘሃራ።

አስገባሁ። በሙያችን ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው ነገር ይህ ነው፦ ዘር በእርግጥ ሕይወት እንዳለው በቢላ ያረጋገጣችሁ ዕለት ያ ዘር አይበቅልም። እኛ ግን መክፈት እንወዳለን። ልጁ ጎበዝ መሆኑን ለእንግዳ ለማሳየት «እስቲ እንግሊዝኛ ተናገር» ብሎ የሚያስለቅስ አባት አለ። እጮኛዋ ይወዳት እንደሆነ ለመፈተን ሦስት ቀን ስልኳን የዘጋች የሥራ ባልደረባ ነበረችኝ፤ ይወዳት ነበር። የምርመራው ውጤት ትክክል ነው። የተረፈ ግን የለም።

አሁን የቀረው ጥያቄ የት ይተከል ነው። የጋሽ ደምሴ ግቢ ገና ስሚንቶና ፍርስራሽ ነው። ፍሬው የሚፈልገው ሙቀት፣ ጥላና በየቀኑ በመጠኑ የሚረጭ ውኃ ነው። ሦስቱም አንድ ላይ የሚገኙት ጫት ቤቱ ጓዳ፣ ከቆርቆሮው ጣራ ሥር ብቻ ነው። አንድ ቢጫ ጀሪካን ቆርጠን፣ አሸዋና አፈር ቀላቅለን፣ አሥራ አንዱንም ሳንከፍት ተከልናቸው።

ጋሽ ደምሴ በየጠዋቱ ሊያዩ መምጣት ጀመሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ቆመው ነው የሚያዩት። በሁለተኛው ሳምንት ዘሃራ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ፍራሽ ቢጤ ጣል አደረገችበት። በሦስተኛው ሳምንት ጋዜጣቸውን ይዘው መጡ። መቼም የሰፈር ሰው ዓይን አለው፤ ጋሽ ደምሴ በሰባ አራት ዓመታቸው ጫት ጀመሩ የሚለው ወሬ ገርጂን አዳርሶ መገናኛ ለመድረስ የአንድ ታክሲ ጊዜ አልፈጀበትም። «ብቸኝነት ነው» አሉ የሚያዝኑላቸው። «ድሮም ይቅሙ ነበር» አሉ የማያዝኑላቸው። እሳቸው ሰምተዋል። ዘሃራ፣ «ኧረ ጋሼ፣ ስምዎ ጠፋኮ፤ ጀሪካኑን ላምጣልዎ» ብትላቸው፣ «ከሞቀበት አታንቀሳቅሺው» ብለው ጋዜጣቸውን ገለጡ።

በመጨረሻ የዕድራችን ዳኛ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሊመክሯቸው ተነሡ። ጫት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ጋሽ ደምሴ ጀሪካኑ ላይ ተደፍተዋል። ያን ዕለት ጠዋት ከአሸዋው ውስጥ እንደ ጦር ጫፍ የሾለች፣ የጣት አንጓ የማትሞላ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብላለች።

ዳኛው የያዙትን ምክር ረሱት። «ምንድን ነው?» አሉ።

«የእታገኝ ናት፣» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ወይዘሮ እታገኝን የማያውቅ የዕድር ሰው የለም። ዳኛው ባርከው ሊሄዱ ነበር፤ ዘሃራ ግን እንግዳ ቆሞ አይሄድም አለችና ሦስት ሳጥን ገለበጠች። ተቀመጡ። በማግሥቱ ሁለተኛው በቅሎ እንደሆነ ሊያዩ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ለመመለስ ምክንያት አላስፈለጋቸውም። እስከ ዛሬ ሦስት በቅለዋል፤ ሌሎቹ ስምንቱ ምን እያሰቡ እንደሆነ የሚያውቁት ራሳቸው ናቸው።

ጉዳቱ ለዘሃራ ሆነ። ጫት ሊገዛ የሚመጣ ጎረምሳ በሩ ላይ ሲደርስ አራት ሽማግሌ ተደርድረው ያገኛል፤ አራቱም አባቱን ያውቃሉ። ጉልበት ይስማል፣ ስለ እናቱ ጤና ይጠየቃል፣ ትምህርቱን የት እንዳደረሰ ይጠየቃል፣ ከዚያ አንድ የታሸገ ውኃ ገዝቶ ይሄዳል። ዘሃራ በዕድሜዋ ይህን ያህል ውኃ ሸጣ አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት ሳልፍ ጠራችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንተ የዘር አዋቂ፣ እነዚህ የጀሪካኑ ልጆች መሬት እስኪወርዱ ስንት ጊዜ ይፈጅባቸዋል?» አለችኝ።

አሳዘነችኝ። ገበያዋ እንደጠፋ አውቃለሁ፤ ተስፋ ብሰጣት ብዬ አሰብኩ፤ ግን ከእስኪንኳኩ ወዲህ ያላረጋገጥኩትን አልናገርም። ባልንጀራዬን ጠይቄ ስለነበር እውነቱን ነገርኳት። «ሁለት ዓመት።»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞር ብላ አየች። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው ለዕድሩ ዳኛ ከጋዜጣው አንድ ነገር እያነበቡ ይስቃሉ። ዘሃራ እጇን ውኃ ውስጥ ነክራ መጀመሪያ ጫቱ ላይ፣ ቀጥላም ጀሪካኑ ላይ አርከፈከፈች።

«ለሳቸው ሦስት በላቸው፣» አለችኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጭበረበረ የምርመራ ውጤት ሰጥቼ አላውቅም። ሦስት አልኳቸው።